አካፋን አካፋ

እህቴ ስትደውል ሁለት ዓይነት ድምፅ አላት። አንደኛው የደህና ቀን ድምፅ ነው፤ ከጤፍ ዋጋ ይጀምርና ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አዳርሶ ይመለሳል። ሁለተኛው አጭር ነው። «ቤት ነህ?» ትላለች። «ነኝ» ስላት ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

በጥር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደወለችው በሁለተኛው ድምፅ ነበር።

«ልጁ አልመጣለትም» አለችኝ።

ምኑ ብዬ አልጠየቅኋትም። በዚያ ሳምንት በአገሩ ሁሉ «አልመጣለትም» የሚባለው ነገር አንድ ብቻ ነበር። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደርጎ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተባለ። ከመቶ ቤት በዘጠና ሰባቱ አንድ ሰው ስልክ አንሥቶ ለዘመዱ «ቤት ነህ?» ብሏል ማለት ነው።

«ውጤቱስ ይሁን፤ ብቻውን አይደለም የወደቀው» አለች እህቴ። «እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተደፍቶ ጌም ይጫወታል። ሲነሣ ጌም፣ ሲተኛ ጌም። ምን ብዬ ልናገረው? አንተ አስተማሪ አልነበርክ እንዴ? ና ምከረው እንጂ!»

«አስተማሪ አልነበርክ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ ቢጤው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር፤ ከተውኩት ዓመታት አልፈዋል። ቢሆንም ለምክር ስጠራ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር መለከት ሲሰማ እንደሚያደርገው፣ ሳላስበው ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። እሑድ ከሰዓት ምክሬን በሦስት ክፍል አሰናድቼ ሄድኩ። መግቢያው ስለ ጊዜ ውድነት ነበር። ሐተታው ስለ ትዕግሥትና ጽናት። መደምደሚያው ስለ እናት ድካም።

መግቢያውን እንኳ አልጨረስኩትም።

*

ልጁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ከፊቱ፣ ጆይስቲኩ በእጁ። ብድግ ብሎ ሳመኝና «ጋሼ፣ አንዴ ይቺን ልለፋት» አለኝ። «ይቺ» ያላት በሰማይ ላይ የምትበር መርከብ ናት። ሰማያዊ የብረት ልብስ የለበሰ አንድ አጭር ሰውዬ ከጣውላ ጣውላ ይዘላል፤ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የሆነ ነገር ከላይ ይመታዋል። ሲመታ ደግሞ ባለበት አይቆምም፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይወረወራል። ወደ ኋላ ያለው ገደል ነው።

«ሞተ» አልኩ።

«ይነሣል» አለ።

ተነሣ። ደግሞ ሞተ። ወረቀት ሲያርም የኖረ ሰው መቁጠር አይለቀውምና መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት። ዘጠኝ። አሥራ ሦስት። ልጁ አልተራገመም፣ ጆይስቲኩን አልወረወረም፣ ወደ እኔም አልዞረም። በየሞቱ መካከል ከንፈሩን ነከስ አድርጎ አንድ ነገር ያስባል፤ ከዚያ የተለየ ነገር ይሞክራል። አንዴ ቀደም ብሎ ይዘላል፣ አንዴ ነፋሱ እስኪያርፍ ይጠብቃል። አሥራ ሰባት ጊዜ ወደቀ። በአሥራ ስምንተኛው አለፈ፤ ጮቤም አልረገጠ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና «እሺ ጋሼ» አለኝ።

የምክሬ ሁለተኛ ክፍል፣ ስለ ትዕግሥትና ጽናት የሚለው፣ እዚያው ሞተ። እሱ ደግሞ አልተነሣም።

«ምን ይባላል ይሄ?» አልኩት ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«ሾቭል ናይት።»

ሾቭል አካፋ መሆኑን አውቃለሁ። ናይትን መዝገበ ቃላቱ «ፈረሰኛ» ይለዋል፤ ይሄኛው ግን ፈረስ የለውም፤ ሰይፍም የለውም። እውነትም አካፋ ነው የያዘው! እህቴ ይህን ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምታስፈራራው «ካልተማርክ አካፋ ይዘህ ቀን ሥራ ትገባታለህ» እያለች ነው። እነሆ ፈተናውን ወደቀና አካፋ ይዞ ዓለምን ሊያድን ወጣ።

*

ይህን ጌም የሠራው ያች ክለብ ጌምስ የሚባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ድርጅት ነው። ሰዎቹ እ.ኤ.አ. በ2013 «እንዲህ ያለ ነገር ልንሠራ አስበናል፣ 75 ሺህ ዶላር አዋጡልን» ብለው ሕዝቡን በኢንተርኔት ለመኑ። ከ311 ሺህ በላይ ተዋጣላቸው። በዓመቱ፣ በሰኔ 2014፣ ጌሙ ወጣ። ሰው ይህን ያህል ያዋጣው አዲስ ነገር ስላዩ አልነበረም፤ አሮጌ ነገር ስለናፈቀው ነው። ጌሙ ሆን ተብሎ የ1980ዎቹን የኒንቴንዶ ጌሞች እንዲመስል ተደርጓል። ሥዕሉ እንደ ሰፌድ ስፌት ነጠብጣቡ የሚቆጠር ነው። ሙዚቃው ጢው ጢው ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን የመጀመሪያውን ሜጋ ማን ዜማ የሠራችው ጃፓናዊቷ ማናሚ ማትሱማኤ ለዚህኛውም ሁለት ዜማ ሰጥታለች።

መጀመሪያ ቅብጠት መሰለኝ። ኮምፒውተሩ ፊልም የመሰለ ነገር ማሳየት እየቻለ በነጠብጣብ መጫወት ምን ይሉታል? ኋላ ግን ሙያዬ ትዝ አለኝ። ዛሬም ጉባኤ ቃና የሚቀኝ ሰው አለ። ገጽ ሙሉ መጻፍ ይችላል፤ ግን በሁለት ቤት ውስጥ ገብቶ ይታገላል። ጥበቡ ጥበቱ ውስጥ ነው።

አሮጌዎቹ ጌሞች ጨካኞች ነበሩ። ጭካኔያቸው የመጣው በከፊል ከንግድ ነው። በየአዳራሹ የሚቆሙት ማሽኖች የሚኖሩት በሳንቲም ነበር፤ ተጫዋቹ ቶሎ ካልሞተ ሌላ ሳንቲም አይገባም። ጌሙ ቤት ሲገባም ካሴቱ የሚይዘው ጥቂት ነገር ስለሆነ፣ በግማሽ ሰዓት የሚያልቀውን መንገድ የአንድ ወር ለማድረግ ያለው ዘዴ መንገደኛውን ደጋግሞ መግደል ነበር። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠመውን ባለ ካሴት ጌም የሚያስታውስ አንባቢ ኮንትራን አይረሳም። ሦስት ነፍስ ትሰጥና አንድ ጥይት አንዷን ትወስዳለች። ሦስቱ ሲያልቁ የተሰጠህ ዕድልም ቶሎ ያልቅና እንደገና ከሀ ነው።

ለኮንትራ ግን አንድ ምሥጢር ነበረው። ጌሙ ሲከፈት ቁልፎቹን በተወሰነ ቅደም ተከተል የነካ ሰው በሦስት ፈንታ ሠላሳ ነፍስ ይሰጠዋል። ምሥጢሩን የፈጠረው የኮናሚ ባልደረባ የነበረው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ግራዲየስ የሚባለውን ሌላ ጌም ለቤት መጫወቻ ሲያዘጋጅ፣ መሥራቱን ለመፈተሽ እስከ መጨረሻው መጫወት ነበረበት። ከበደው! ስለዚህ ለራሱ ማለፊያ አበጀ፤ ሲወጣም ማጥፋቱን ረሳና ጌሙ ከነምሥጢሩ ገበያ ገባ።

ይህን ልጁ ሲነግረኝ ሳቅሁ። ፈተናውን ያወጣው ሰው ፈተናውን ማለፍ አልቻለም ማለት እኮ ነው። ሳቄ ግን ሙሉ ሳቅ አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ኋላ እነግራችኋለሁ።

*

«ልሞክር?» አልኩት።

ጆይስቲኩን ሰጠኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮልኝ ነበር፤ ለምለም ሜዳ፣ ጥንዚዛ ብጤ፣ የአፈር ክምር። በመጀመሪያው ገደል ገባሁ። እንደተነሣሁ እዚያው ገደል ደግሜ ገባሁ።

ሾቭል ናይት የነፍስ ቁጥር የለውም። የፈለግከውን ያህል ሙት ይልሃል። ሞት ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በሞትክ ቁጥር የሰበሰብከው ወርቅ ከፊሉ ከኪስህ ይወጣና ክንፍ አውጥቶ፣ በሦስት ከረጢት ሆኖ፣ የሞትክበት ቦታ ላይ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ሄደህ መውሰድ ትችላለህ። ያን ለማድረግ ግን ወደ ገደለህ ቦታ መመለስ አለብህ። ሳትወስደው ደግመህ ከሞትክ፣ የመጀመሪያው ከረጢት ቀረ ነው።

መንገዱ ላይ እዚህም እዚያም እንደ ፋኖስ ያለ የብርጭቆ መብራት ቆሟል። ብትሞት የምትነሣው ከመጨረሻው መብራት ነው። መብራቱን በአካፋህ መስበርም ትችላለህ፤ ሲሰበር ወርቅ ይወጣዋል። ወርቁን ከወሰድክ ግን ያ ማረፊያ የለህም፤ ስትሞት ወደ ኋለኛው፣ ወደ ሩቁ ትመለሳለህ። ጌሙ ሲጀመር «ቀላል ይሁን ወይስ ከባድ?» ብሎ አይጠይቅም። በየመብራቱ ሥር ራስህ ትመልሳለህ።

እኔ የመጀመሪያውን መብራት አይቼ በደስታ ሰበርኩት። ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። ከመቶ እርምጃ በኋላ ሞቼ ከሜዳው ጫፍ ስነሣ «አሁን ገባህ ጋሼ?» አለኝ። ገባኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው ላይ ሲደርስ ያየሁትን ነገር ነው፤ መመለሻውን ሸጦ የበላ ሰው በእኛ አገር ጥቂት ነው?

ከዚያች እሑድ ወዲህ እሑድ እሑድ መሄድ ጀመርኩ። እህቴ ምክሩ ረጅም መሆኑን አይታ ደስ አላት።

*

ስለ አካፋው ልንገራችሁ። ሌሎች ጌሞች ውስጥ የመሣሪያ ነገር የስግብግብነት ነገር ነው። ሜጋ ማን፣ የገደለውን አለቃ መሣሪያ ይወስዳል። አንዱ የአንዱ መድኃኒት ነው፤ ድንጋይ መቀስን፣ መቀስ ወረቀትን፣ ወረቀት ድንጋይን እንደሚያሸንፍበት የልጆች ጨዋታ። ማንን በማን መሣሪያ እንደምትመታ ካወቅህ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ካላወቅህ ፍዳህን ታያለህ።

ሾቭል ናይትም ተጨማሪ ዕቃ አለው። ሣጥን ውስጥ ተደብቆ የሚነግድ ቼስተር የሚባል ጉደኛ አለ፤ እሳት የሚተፋ በትር፣ የሚወረወር የመርከብ መልሕቅ፣ ለጥቂት ቅጽበት ማንም እንዳይነካህ የሚያደርግ የአንገት ጌጥ ይሸጣል። ሁሉም ግን የተሰፈረች አስማትህን ይበላሉ። አስማቱ ሲያልቅ የሚቀርህ አካፋው ነው።

አካፋው ደግሞ ሁሉን ይሠራል። ይቆፍራል። ይመታል። የተወረወረብህን ወደ ወርዋሪው ይመልሳል። ዋናው ጥበቡ ግን ይህ ነው፤ ወደ ላይ ዘለህ አካፋውን ወደ ታች ስትደግነው፣ የጠላት ራስ ላይ አርፈህ ትነጥራለህ። ገደል ለመሻገር የጠላትህ ራስ ድልድይ ይሆንሃል። ይህም ከአሮጌ ጌም የተወረሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የዳክ ቴልስ ሀብታም ዳክዬ በከዘራው እንዲሁ ይነጥር ነበር።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ጀግና መሣሪያ ብዙ ለፍልፌያለሁ። ዶን ኪሆቴ የፀጉር አስተካካይ የነሐስ ሳሕን ራሱ ላይ ደፍቶ የራስ ቁር ነው ማለቱን ሳነብ ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። የእኛ ጀግና ጦርና ጋሻ ነው፤ አካፋ የያዘ ጀግና ተረት ውስጥ አላጋጠመኝም። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እህቴ ግን ልጇን ዛሬም በአካፋ ታስፈራራለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ክፍል ውስጥ «ካላነበባችሁ ድንጋይ ትፈልጣላችሁ» ብያለሁ።

ልጁን «ለምን ይሄን ወደድከው?» አልኩት።

«አካፋ ብቻ ነዋ ያለው» አለኝ። «ካቃተህ አንተ ነህ ያቃተህ። መሣሪያው አነሰኝ አትልም።»

*

አሁን ወደ አለቆቹ። ልጆቹ «ቦስ» ይሉታል፤ በየመንገዱ መጨረሻ በር ዘግቶ የሚጠብቅህ ነው። እዚህ ጌም ውስጥ የአንድ ምሕረት የለሽ ማኅበር አባላት የሆኑ ስምንት ናይቶች አሉ። አንዱ የሰው ዙፋን ቀምቶ የተቀመጠ የውሸት ንጉሥ ነው። አንዱ መቃብር ቦታ ይጠብቅሃል፤ መብራቱን አጥፍቶ በጨለማ ይመጣብሃል። አንዱ ፈንጂ እየወረወረ ይስቃል።

ከውሸት ንጉሡ ጋር ስገናኝ ያደረግሁት እንደማንኛውም ፈሪ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ቁልፉን መደብደብ። ሞትኩ። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ልጁ እጁን ክንዴ ላይ ጣል አደረገና «ጋሼ፣ አትምታው» አለኝ። «መጀመሪያ እየው። ዝም ብለህ ሽሽና እየው።»

ሸሸሁ። አየሁ። ለካ ሰውዬው ከመሮጡ በፊት ይዘጋጃል። ከመዝለሉ በፊት ይቆማል። ምንም ነገር ሳያስጠነቅቅ አያደርግም። እኔ የራሴን ፍርሃት እየሰማሁ የእሱን ሰውነት አላነብም ነበር። ማንበብ! ሃያ ምናምን ዓመት «ጽሑፉን ከመተቸታችሁ በፊት አንብቡት» እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ አንብብ መባል አስፈልጎኝ አረፈ። በአሥራ አንደኛው አሸነፍኩት። እንደ ልጅ ጮኽኩ፤ አልክድም።

ቲንከር ናይት የሚባለው አለቃ ዘንድ የደረስነው በሦስተኛው ወር ላይ ይመስለኛል። ግዙፍ የሰዓት ማማ ጫፍ ላይ ነው። ወጥተን ስናየው ድንክ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛ መፍቻ ይወረውራል፣ ተደነቃቅፎ ይወድቃል። ሦስት አራቴ ብመታው አለቀ። «ይሄ ነው እንዴ?» ብዬ ጆይስቲኩን አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ ወለሉ ተደረመሰና ድንኩ ቤት በሚያክል ማሽን ላይ ተቀምጦ መጣ። ልጁ «አሁን ነው እኮ የሚጀምረው ጋሼ!» ብሎ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ሳቁ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። እህቴ ማማሰያውን እንደያዘች በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ከጥር ወዲህ በዚያ ቤት እንዲያ ያለ ድምፅ አልተሰማም ነበር። ምንም ሳትናገር ተመለሰች።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ፖላር ናይትን ነው። በረዶ ውስጥ የቀረ መርከብ ላይ ነው የሚገኘው። ግዙፍ ነው። እጁን ሳየው ደነገጥኩ። እሱም አካፋ ይዟል።

*

ምክንያቱን አሁን ልንገራችሁ።

አንድ ዓመት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ስለ ልቦለድ አስተምር ነበር። ማጠቃለያ ፈተና ላይ 40 ነጥብ የሚይዝ አንድ ጥያቄ አወጣሁ። ጥያቄው ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ግማሹ ተማሪ ባልነበረበት ቀን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍኩት ነገር ነበር። ከ43 ተማሪዎች 31ዱ ወደቁ። ይህን መምህራን ክበብ ውስጥ እንደ ገድል ተረክሁት። «የእኔ ኮርስ ቀልድ አይደለም» አልኩ። ሳቅን። ያ ጥያቄ ለእኔ በተማሪነቴ ቢቀርብልኝ እንደማልመልሰው አውቅ ነበር። ሃሺሞቶ ቢያንስ ለራሱም እንደከበደው አልደበቀም፤ ማለፊያውም በስሕተት ቢሆን ለሰው ሁሉ ደርሷል።

ከወደቁት አንዷ ቢሮዬ መጣች። ዝምተኛ ልጅ ነበረች። «መምህር፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» አለችኝ። ወረቀቷ ከጀርባዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ዞር ብዬ ማውጣት ብቻ ነበር። «መጽሐፉን መልሰሽ አንብቢ» አልኳት። በሳምንቱ ደግማ መጣች። «ነግሬሻለሁ እኮ» አልኳት። ለሦስተኛ ጊዜ አልመጣችም። በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ስም ስጠራ ስሟ አልነበረም። ምን ሆና እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ከባድ ነገር ሁሉ አንድ እንዳልሆነ በሃምሳ ምናምን ዓመቴ የገባኝ በአካፋ ነው። ከባዱ ነገር ይቅር የሚሉ ሰዎች ወገን አይደለሁም፤ ያ ልጅ አሥራ ሰባት ጊዜ የወደቀው ጌሙ ቀላል ስለሆነ አይደለም፣ ያለፈውም ስላዘኑለት አይደለም። ግን የሚያከብርህ ከባድ ነገር ከመምታቱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ስትወድቅ የት እንደወደቅክ ያሳይሃል። የጣልከውንም ነገር ሄደህ እንድታነሣው እዚያው ያቆይልሃል። የእኔ ፈተና ከሦስቱ አንዱም አልነበረውም። እኔ ቦስ እንኳ አልነበርኩም። ገደል ነበርኩ።

አገር አቀፍ ፈተናውን በተመለከተ ፍትሐዊ ልሁን። ፈተና ሲሰረቅ፣ መልስ በስልክ ሲተላለፍ የነበረበትን ዘመን ሁላችንም እናውቃለን። ያን ዘግቶ 3.3 በመቶ ብቻ አለፈ ብሎ በአደባባይ መናገር አካፋን አካፋ ማለት ነው፤ በተከታዩም ዓመት ቁጥሩ 3.2 ነበር፤ አልተሸፋፈነም። ግን አንድ እሑድ ልጁ ውጤቱን ስልኩ ላይ ከፍቶ አሳየኝ። «ፊዚክስ 31 ይላል» አለኝ። «ሠላሳ አንድ። ምኑ ጋ እንደወደቅኩ ግን አይልም።»

ያች ዓረፍተ ነገር ጆሮዬን የት እንደወሰደችው አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

«ደብተሮችህ አሉ?» አልኩት። ከአልጋው ሥር ካርቶን ጎትቶ አወጣ። ፊዚክስ አላውቅም። ግን ማየት አስተምሮኛልና አየሁ። የ12ኛ ክፍሉ ደብተር ሙሉ ነው፤ የ11ኛውም ሙሉ ነው፤ የ10ኛው መካከሉ ላይ ይቆማል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ቀን መጋቢት 2012 ነው። ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት የተዘጋ ጊዜ! ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ነጭ ነው። ክፍሉን አለፈ፣ ዓመቱን አለፈ፣ ያን ነጭ ወረቀት ግን ማንም ተመልሶ አልሞላለትም። ልጁ ሰነፍ መስሎት ነበር። እናቱም፣ እኔም።

«ከረጢትህ እዚህ ነው ያለው» አልኩት።

ነጩን ገጽ ለረጅም ጊዜ አየው። «ይነሣል?» አለ።

«ይነሣል።»

*

በዚያ ዓመት ትምህርት ሚኒስቴር 50 ነጥብ ላላመጡት ተማሪዎች የሪሚዲያል ፕሮግራም ከፍቶ ነበር፤ ለልጁም ደረሰው። ሊሄድ ሲል ጌሙን የእኔ ኮምፒውተር ላይ ጫነልኝ። ከወር በኋላ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቴስት ከ30 ዘጠኝ ነው» አለኝ። ልናገር አፌን ስከፍት «ቆይ ጋሼ» አለ። «አራት ቦታ ነው የወደቅኩት። አራቱንም አውቃቸዋለሁ።» ድምፁ የእህቴ የመጀመሪያው ዓይነት ድምፅ ነበር።

እኔ ብቻዬን መጫወቴን ቀጥያለሁ። አሁን የመጨረሻው ማማ ላይ ነኝ። እዚያ ላይ ስምንቱ ናይቶች ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው እራት ሲበሉ ታገኛቸዋለህ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሡ እንደገና ይገጥሙሃል። እስከ ስድስተኛው ደርሻለሁ። ጊዜ አለኝ።

የጌሙን ታሪክ አልነገርኳችሁም። ይህ ባለ አካፋ ጓደኛ ነበረችው፤ ሺልድ ናይት ትባላለች፤ እሷ ጋሻ፣ እሱ አካፋ ይዘው አብረው ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን እዚህ ማማ ውስጥ አንድ የተረገመ ጌጥ አገኙ። ሲነቃ ውጭ ወድቋል፤ ማማው ተዘግቷል፤ እሷ የለችም። አዝኖ ሁሉን ትቶ ለብቻው ተቀመጠ። እንደገና የተነሣው ማማው መከፈቱን ሲሰማ ነው።

አንዳንዱን አለቃ አሸንፈህ ስታበቃ ሰውዬው እሳት አንድዶ ጎኑ ይተኛል። ይተኛና ሕልም ያያል። ጨለማ ውስጥ ከየአቅጣጫው ጠላት ይመጣበታል፤ ከላይ ደግሞ እሷ ቀስ እያለች ትወድቃለች። የሚመጡትን እየመታ፣ እየተገፋ፣ ከሥሯ ለመድረስ ይሮጣል። ልጁ እዚያ ቦታ ላይ «ሩጥ ጋሼ፣ ሩጥ!» ይለኝ ነበር። አሁን ብቻዬን ነው የምሮጠው። የምትወድቀው ልጅ ፊቷ በነጠብጣብ የተሠራ ነው፤ ማንንም አይመስልም። እኔ ግን ማንን እንደማይ አውቃለሁ፤ ስሟን ከዝርዝሩ ላይ አጥቼ ያልጠየቅሁላትን።

አንዳንዴ እደርሳለሁ። ከሥሯ ቆሜ እጄን ስዘረጋ ሰውዬው ይነቃል።